ቤት ለመለማመድ የትኛው ነፃ የድራፍቲንግ ሶፍትዌር ይሻላል? (ላፕቶፔ ደከም ያለ ነው)

ሚሚ_ድራፍቲንግ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ድራፍቲንግ (የቤትና የማሽን ዕቃ ቴክኒካል ስዕል) መማር ከጀመርኩ ገና ነው። ክፍል ውስጥ የምንሠራው አውቶካድ በሚባለው የስዕል ሶፍትዌር ነው፣ ግን ላብ የምንገባበት ሰዓት አጭር ስለሆነ እጄ ሊፍታታ ሲል ውጡ እንባላለን። ቤት ልለማመድ ብዬ ነፃ ሶፍትዌር መፈለግ ስጀምር ደግሞ ጭራሽ ግራ ገባኝ። አንዱ ሊብሬካድ ይላል፣ ሌላው ፍሪካድ፣ ሌላው ድራፍትሳይት፣ አንዱ ደግሞ ክራክ (ፈቃዱ የተሰበረ ሕገወጥ ኮፒ) አውርጂና ተገላገይ ይለኛል።

ላፕቶፔ ራሙ 4 ጂቢ ነው፣ ዊንዶውስ 10። ለጊዜው የምንሠራው ቱዲ (2D፣ ጠፍጣፋ ስዕል) ብቻ ነው፤ የቤት ፕላን፣ ሴክሽን (ቤቱ ተቆርጦ ከጎን ሲታይ)፣ አልፎ አልፎ የማሽን ዕቃ። ቤት የሠራሁትን ክፍል ወስጄ መክፈት መቻል አለብኝ። ሁሉንም አውርጄ ልሞክር እንዳልል ኢንተርኔቴም እንደ ላፕቶፔ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ኦርቶ_በርቷል፦

ተማሪ ከሆንሽ ለምን ትደክሚያለሽ? የአውቶካድ ባለቤት የሆነው አውቶዴስክ ለተማሪ አውቶካድን በነፃ ይሰጣል። የተቆራረጠ ነገር አይደለም፣ ሙሉው ፕሮግራም ነው። አካውንት ትከፍቻለሽ፣ ከዚያ ተማሪ መሆንሽን የሚያሳይ ሰነድ ይጠይቁሻል፤ ስምሽ፣ የትምህርት ቤቱ ስምና ቀን ያለበት። አካውንቱ ላይ የጻፍሽው ስም ሰነዱ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን፣ ብዙ ሰው የሚመለሰው እዚያ ጋ ነው። ፈቃዱ ለ1 ዓመት ነው፣ ተማሪ እስከሆንሽ ድረስ እያሳደስሽ ትቀጥያለሽ። የቆዩ ቪዲዮዎች 3 ዓመት ይላሉ፣ ያ ድሮ ቀረ።

ሁለት ነገር ግን እወቂ። በዚህ ፈቃድ ገንዘብ የሚከፈልበት ሥራ መሥራት አይፈቀድም፣ ለትምህርት ብቻ ነው። ደግሞ ቢያንስ በ30 ቀን አንዴ ኢንተርኔት ላይ መውጣት አለበት፣ ፈቃዱን ያያል።

ሌየር_ዜሮ፦

ኦርቶ፣ ጥያቄውን በደንብ አንብበኸዋል? 4 ጂቢ ራም ነው ያለችው እኮ። የቅርብ ጊዜው አውቶካድ ቢያንስ 8 ይጠይቃል። እንደምንም ቢጫን እንኳ ብራውዘር ከጎኑ ስትከፍት ሁሉም ነገር ድርቅ ይላል፣ ማውረዱም በጊጋባይት ነው የሚቆጠረው።

ሚሚ፣ ላንቺ ሊብሬካድ ነው። ቱዲ ብቻ ነው የሚሠራው፣ አንቺም የምትፈልጊው እሱን ነው። ፋይሉ ትንሽ ነው፣ ከ100 ሜጋባይት በታች፣ አካውንት የለ፣ ሰነድ የለ፣ ማሳደስ የለ። አሮጌ ማሽን ላይ ይሄዳል። ሌየር (መስመሮችን በንብርብር መለያ) አለው፣ ዳይሜንሽን (የልክ መጻፊያ) አለው፣ ሃች (የተቆረጠውን መሙያ) አለው፣ ብሎክ (ደጋግመሽ የምታስገቢው ስዕል) አለው። ለጀማሪ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

ጉድለቱን ልንገርሽ። የአውቶካድን ዋና ፋይል፣ ዲደብሊውጂ (DWG)፣ መክፈት ላይ ደካማ ነው፣ በዲደብሊውጂ ማስቀመጥ ደግሞ ጭራሽ አይችልም። የሱ ፋይል ዲኤክስኤፍ (DXF) ነው። አውቶካድ ዲኤክስኤፍን ያለ ችግር ይከፍታል፣ ስለዚህ ከቤት ወደ ክፍል በዲኤክስኤፍ ትወስጃለሽ። ከክፍል ወደ ቤት ስታመጪ ሴቭ አዝ ብለሽ የ2007 ዲኤክስኤፍን ምረጪ። የጽሑፉ ፎንትና የዳይሜንሽኑ ቀስት መልካቸው ሊለወጥ ይችላል፣ አትደንግጪ፣ መስመሩ ያው ነው።

ድራፍትሳይትን እርሺው። ነፃው በ2019 መጨረሻ ተቋርጧል፣ የጫኑትም ሰዎች ላይ መሥራት አቁሟል። ነፃ ነው የሚልሽ ሰው የድሮ ቪዲዮ አይቶ ነው።

ፍላንጅ፦

የማሽን ዕቃም እንሠራለን ስላልሽ ስለ ፍሪካድ አንድ ነገር ልበል። አሠራሩ ሌላ ነው። መስመር እየጎተትሽ አትስይም፤ ስኬች ትሠሪና መጠኑን በቁጥር ታስሪዋለሽ፣ ከዚያ ዕቃው ራሱ በስሪዲ (3D) ይወጣል፣ የፊቱን፣ የላዩንና የጎኑን ስዕል ደግሞ ቴክድሮው የሚባለው ክፍል ያወጣልሻል። የቀዳዳውን ስፋት ከ10 ወደ 12 ስትቀይሪ ወረቀቱ ላይ ያለው ስዕልም ተከትሎ ይቀየራል። ፕሮጀክሽን (አንድን ዕቃ ከፊት፣ ከላይና ከጎን መሳል) ለማይገባው ሰው ዕቃውን እያዞሩ ማየት ብዙ ነገር ይከፍታል። 1.0 የተባለው ቨርዥን በ2024 ወጥቷል፣ ከዚያ በፊት ለነበሩት የተሠሩ ቪዲዮዎች ላይ ቁልፎቹ ቦታቸው ሌላ ሊሆን ይችላል።

ግን አሁን አልመክርሽም። ክፍል የምትማሪው በአውቶካድ ሆኖ ቤት ሌላ አስተሳሰብ ከተለማመድሽ ሁለቱም ይደባለቁብሻል። ስሪዲ ስትጀምሩ ተመለሺበት።

ኦርቶ_በርቷል፦

እሺ ራሙን አላየሁም ነበር 😅 ግን ላፕቶፑ ራም የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ አስቢበት፣ አንድ ቀን አውቶካድ መጫንሽ አይቀርም። ለጊዜው ሊብሬካድ ይሁን። ኪውካድም አለ፣ ሊብሬካድ ራሱ ከሱ ነው የተወለደው፣ ግን ስታወርጂው የሚከፈልበት ክፍል ለሙከራ አብሮት ይመጣል፣ እሱን ካላጠፋሽ በ15 ደቂቃ ይዘጋብሻል።

የስዕል_መምህር፦

ልጄ፣ ሶፍትዌር ከመምረጥሽ በፊት አስተማሪሽን አንድ ጥያቄ ጠይቂ፤ የምታስረክቡት በምን ፋይል ነው? ፒዲኤፍ ወይም የታተመ ወረቀት ከሆነ በምን እንደሠራሽው ማንም አይጠይቅሽም። ዲደብሊውጂ ብቻ ከተባለ የመጨረሻውን ማስተካከያ ላብ ውስጥ ትጨርሺያለሽ፣ እሱም ቢሆን ያስኬዳል።

ክራክ ያለሽን ሰው አትስሚ። አንቲቫይረስሽን አጥፊና ጫኚ የሚል ፋይል ምን ይዞ እንደሚገባ አይታወቅም። የቤት ሥራሽ ያለበት ላፕቶፕ ነው።

ልምምዱን በተመለከተ፣ ተማሪዎች ትልቅ ቪላ ስዕል አውርደው እሱን መቅዳት ይወዳሉ። ቀድቶ ምን ይማራል? ያለሽበትን ክፍል በሜትር ለኪው። ግድግዳውን፣ በሩን፣ መስኮቱን፣ የግድግዳውን ውፍረት። በእጅ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አድርጊና ቁጥሩን ጻፊበት፣ ከዚያ በሶፍትዌሩ ሳይው። ሁልጊዜ በእውነተኛው መጠን፣ 1 ለ 1 ሳይ፤ 4 ሜትር ግድግዳ በሚሊሜትር 4000 ነው። 1 ለ 50 ወይም 1 ለ 100 የሚመጣው ስታትሚ ብቻ ነው። ኤ3 ወረቀት 420 በ297 ሚሊሜትር ነው፣ 4 ሜትር በ1 ለ 50 ስንት እንደሚሆን በጭንቅላትሽ አስልተሽ፣ አትመሽ፣ በማስመሪያ ለኪው። 80 ሚሊሜትር ካልሆነ ስኬሉን አልያዝሽውም ማለት ነው። የመስመር ውፍረትንም ከመጀመሪያው በሌየር ለዪ። የተቆረጠው ግድግዳ ወፍራም፣ ዳይሜንሽኑ ቀጭን። ውጤት የሚቀንሰው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው፣ ኮማንድ ባለማወቅ አይደለም።

ሚሚ_ድራፍቲንግ፦

ሁላችሁም ተባረኩ። መምህር፣ እርስዎ እንዳሉት ጠየቅኩ፣ ዘንድሮ የምናስረክበው በፒዲኤፍ ነው አሉ፣ ተገላገልኩ። ሊብሬካድን ጫንኩት፣ በደቂቃ ውስጥ ተከፈተ። ግን አንድ ነገር አስቸገረኝ። ክፍል ውስጥ ላይን (የመስመር ትእዛዙን) ብዬ መነሻውን እነካና 4000,0 ስጽፍ ወደ ቀኝ 4 ሜትር ይሄድልኛል። እዚህ ግን መስመሩ ወዳልሆነ ቦታ ይፈተለካል። ኦፍሴትም (ከአንድ መስመር በእኩል ርቀት ሌላ መስመር የሚያወጣውን) አጣሁ።

ሌየር_ዜሮ፦

ጎሽ። ልዩነቱ ይሄ ነው፤ ክፍል ያለው አውቶካድ ላይ ዳይናሚክ ኢንፑት (ቁጥሩን ማውሱ አጠገብ የሚቀበለው) በርቷል፣ ስለዚህ ሁለተኛውን ነጥብ ስትጽፊ ካለሽበት ተነስቶ ይቆጥርልሻል። ሊብሬካድ ግን 4000,0 ስትይው ከዜሮ ዜሮ ነጥብ ነው የሚቆጥረው። ከፊቱ @ ጨምሪ፣ @4000,0 በዪ። በአንግል ከሆነ @4000<30። አውቶካድም ይሄን አጻጻፍ ይቀበላል፣ ስለዚህ ሁለቱም ጋ እንዲሁ መጻፍ ብትለምጂ ይሻላል።

ኦፍሴት እዚያ ፓራለል ነው የሚባለው። ርቀቱን አስገቢና ማውሱን ወደምትፈልጊው ጎን አድርገሽ ክሊክ አድርጊ።

የስዕል_መምህር፦

ፋይሉን ክፍል ስትወስጂ ምንም ሳትነኪ መጀመሪያ አንዱን በር ለኪ። 900 ብለሽ የሳልሽው በር 900 ማለት አለበት። ካላለ የዩኒት ጉዳይ ነው፣ ቤት ተመልሰሽ የስዕሉ ዩኒት ሚሊሜትር መሆኑን እዪ።

ሚሚ_ድራፍቲንግ፦

@ ጨምሬ ሠራልኝ! መምህር፣ የመኝታ ቤቴን ግድግዳ ዛሬ ማታ እለካለሁ። አንዱ ጥግ 90 ዲግሪ አይመስለኝም ግን፣ እንደዚያ ከሆነ ምን አደርጋለሁ?

የስዕል_መምህር፦

ዲያጎናሉን ለኪ። ከጥግ እስከ ጥግ ያለውን ርቀት ካወቅሽ ከሳልሽው ግድግዳ ሁለት ጫፎች ላይ ሁለት ክብ፣ አንዱን በዲያጎናሉ፣ ሌላውን በቀጣዩ ግድግዳ ርዝመት ስለሽ የሚገናኙበት ላይ ጥጉን ታገኚዋለሽ።