ከሱባኤ ስንመለስ ምን ይዘን ገባን? የሰፈር ክርክር

አወያይ፦ እንኳን ለፍልሰታ አደረሳችሁ። ባለሱቃችን ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ የጻፈውን ላላያችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። 15 ቀን ጎርጎራ አካባቢ ካለ ገዳም ሱባኤ ከርሞ መጣ። ነሐሴ 17 ጠዋት ሱቁን ከፈተ። ገና 3 ሰዓት ሳይሞላ በአምስት ብር መልስ ከአንዲት እናት ጋር ተጨቃጨቀ። «ታዲያ ምኑን ሱባኤ ገባሁ?» ነው ያለው። ስለዚህ ጥያቄው ይኸው፦ ሥራ ዘግቶ ገዳም መውጣት ይሻላል ወይስ እዚሁ ጎንደር ከተማ ከሥራ ጋር መያዝ? የትኛው ነው ለሰው የሚቀረው? ስድብ የለም። የድምፅ መልእክትም ይቅር፣ ማንም አይሰማውም።

ባጃጅ ነጂ፦ ገዳም መክረም ለባለሀብት ነው። እኔ 15 ቀን ባቆም የባጃጁ ባለቤት ገቢ ይለኛል፣ ልጆቼ ዳቦ ይሉኛል። ፒያሳ አዘዞ እየተመላለስኩ ጾምኩ፣ በቃ።

ባለሱቁ፦ ባለሀብትማ ብሆን አምስት ብር አያጣላኝም ነበር።

ባጃጅ ነጂ፦ 😂 ይሁን፣ ተሸነፍኩ።

ባለሱቁ፦ ግን ልንገራችሁ። እዚያ ደወል ሲደወል እነሣለሁ፣ ደወል ሲደወል እቆማለሁ። ከቅዳሴ በኋላ በሶዬን በጥብጬ እጠጣለሁ። በአራተኛው ቀን ስልክ እንዳለኝም ረሳሁ። በጭቃ ላይ በላስቲክ ሥር ተኝቼ እንደዚያ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም። ስንመለስ ቆላድባ ላይ ስልኬን ከፈትኩት። አዘዞ ሳንደርስ ሰላሙ አለቀ። ሱቅ ስገባ አንዱ ዘይት ይላል፣ አንዱ ካርድ ይላል፣ ሦስተኛው በዱቤ ይላል።

ዲያቆን፦ ወንድሜ፣ አትቀየመኝና ሱባኤ ለእረፍት የሚገባ ነገር አይደለም። ሱባኤ ማለት ሰባት ማለት ነው፣ የቀን ቁጥር አለው፣ ስለ ኃጢአት የሚያዝ ነው። አሁን አሁን «ሄጄ ተረጋግቼ መጣሁ» ሲባል እሰማለሁ። እንደ መዝናኛ። ወደ ክርክሩ ስንመጣ ደግሞ የግልም፣ የማኅበርም፣ የአዋጅም ሱባኤ አለ። የግሉ በር ዘግቶ ማንም ሳያይ ነው የሚያዘው። ስለዚህ ቤት ውስጥ መያዝ አዲስ ፈጠራ አይደለም። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። ከተመለስክ ንስሐ አባትህ ጋ ሄደሃል?

ባለሱቁ፦ አልሄድኩም።

ነርስ፦ ዲያቆን፣ ያልከው ልክ ነው፣ ግን «በር ዘግቶ» የሚባለው በር ላለው ነው። እኔ የሌሊት ተረኛ ነኝ። ሰው የኪዳን ጸሎት ሲያደርስ እኔ መርፌ እወጋለሁ። ገዳሙም ቢሆን ለሁሉ አይደለም፣ የጣናው ደሴት ገዳም ዳጋ እስጢፋኖስ ቢያምረኝ እንኳ ሴት አይገባም። እኔ የማደርገውን ልናገር። ከአንድ በሽተኛ ወደ ሌላው ስሄድ እጄን እታጠባለሁ። ግዴታ ነው። ድሮ ስታጠብ ስለ ደመወዝ ነበር የማስበው። አሁን ሳሙናው እስኪለቅ ሦስት ጊዜ «እግዚኦ ተሣሃለን» እላለሁ። በአንድ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደምታጠብ ቆጥሬው አላውቅም። ይኼ ሱባኤ ይባላል?

ዲያቆን፦ ሱባኤ አይባልም። ጸሎት ይባላል።

ነርስ፦ ይበቃኛል።

ከአዲስ ዓለም፦ ሙስሊም ነኝ፣ ጣልቃ ብገባ ይቅርታ፣ ይኼ ጥያቄ የእኛም ስለሆነ ነው። የረመዳን የመጨረሻውን አሥር ቀን ኢዕቲካፍ፣ ማለትም ለአምልኮ ብለው መስጊድ የሚቀመጡ አሉ። እነዚያ ቀናት በንጋቱ ሶላት፣ በሱብሂ፣ ቦታ አይገኝም። የዒድ ማግስት ና፣ የሰጋጁ ሰልፍ ሳስቶ ታየዋለህ። ሽማግሌዎቻችን ያኔ የሚያስታውሱን አንድ ነገር ነው፦ አላህ ዘንድ የተወደደው ሥራ ትንሽም ቢሆን ዘውታሪው ነው። ደግሞ ረመዳን እንዳለቀ በቀጣዩ ወር፣ በሸዋል፣ የስድስት ቀን ጾም አለ። እኔ እንደ ደረጃ ነው የማየው፣ ከላይ ዘለህ መሬት እንዳትፈጠፈጥ። እናንተ ዘንድ ግን 16 ቀን ላይ ጾሙ ተፈታ፣ ዶሮው ታረደ፣ አለቀ።

ዲያቆን፦ ረቡዕና ዓርብ አለ እኮ! በየሳምንቱ።

ከአዲስ ዓለም፦ አለ፣ ግን ባለሱቁ ያንን ከሱባኤው ጋር አያይዞ አላየውም። እኔም ስድስቱን ቀን እንደዚያው ነበር የማያቸው።

መምህር፦ የእኛው ከተማ ምሳሌ አላት። እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ላይ ቤተ መንግሥታቸውንና ቤተ ክርስቲያኑን ጎን ለጎን ነው ያሠሩት። ስሙ ራሱ የስደት ስም ነው፣ እመቤታችን ልጇን ይዛ ግብፅ ያረፈችበት ቦታ። ከፋሲል ግቢ ጫጫታ ወጡ እንጂ ዓለም ትተው አልመነኑም። በ1730 እ.ኤ.አ. ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ በልጅነቱ ከነገሠ ጀምሮ መንግሥት የሚመሩት እሳቸው ነበሩ። ጸሎቱንና ሥራውን በአንድ ግቢ አኖሩት ማለት ነው። ስለዚህ ይኼ «ወይ ገዳም ወይ ከተማ» የሚለው ክርክር አይገባኝም።

ባጃጅ ነጂ፦ መምህር፣ እቴጌ አገልጋይ ነበራቸው። እኔ ያለኝ የሰው ባጃጅ ነው።

የቁስቋም እናት፦ ልጆቼ፣ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። እኔ ሦስት ዓመት ገዳም ወጥቼ ነበር፣ ከተመለስኩም በኋላ እንደ ባለሱቁ ተናድጃለሁ። በኋላ ሲገባኝ እዚያ ጎበዝ የነበርኩት እኔ አይደለሁም፣ ደወሉ ነው። እዚህ የሚደውልልኝ የለም። ከዚያ ወዲህ ቡናዬን ደወል አደረግኩት። ቡና መቼም አይቀርም፣ ቢቀር ራሴ ይፈነዳል። ጀበናው እስኪፈላ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አደርሳለሁ፣ የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ። አቦሉ የሚቀዳው እሱ ሲያልቅ ነው። ጎረቤት መጥታ ብታወራኝ እንኳ አልመልስላትም፣ ለምደውታል። አንድ ጊዜ ገንፍሎብኝ ምንጣፉን አበላሽቷል። ገዳም መሄዱ ይቅር አልልም፣ ባልሄድ ደወሉን አላውቀውም ነበር።

ነርስ፦ እማማ፣ እጅዎን ልሳመው።

የማራኪ ልጅ፦ ሁላችሁም ስለ ራሳችሁ ሰላም ነው የምታወሩት። ሱባኤ የገባው እሱ፣ ጩኸቱን የሰማችው እሷ። ሴትየዋ አምስት ብሯን አገኘች ወይ?

ባለሱቁ፦ ዝርዝር አልነበረኝም። ማስቲካ ሰጠኋት።

የማራኪ ልጅ፦ ማስቲካ!

ባለሱቁ፦ «ጥርስ የለኝም» አለችኝ። እኔ ደግሞ ጮህኩ።

አወያይ፦ 😂😂 ይቅርታ፣ መሳቅ አልነበረብኝም።

ዲያቆን፦ እንግዲህ ንስሐ አባትህ ጋ የምትነግረው አገኘህ።

የማራኪ ልጅ፦ እኔ የምለው ይኼን ነው። በየቀኑ በዝርዝር የምትጣላ ከሆነ ችግርህ የመንፈስ ብቻ አይደለም፣ ሱቅህ ዝርዝር የለውም። ገዳም ብትኖርም ብትመለስም ዝርዝር አይፈጠርልህም።

ባለሱቁ፦ እውነት ነው። ቆይ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለምጽዋት ዝርዝር የሚሸጡ ልጆች አሉ አይደል? ጠዋት ኪዳን አድርሼ ስወጣ ከእነሱ ገዝቼ ሱቅ እገባለሁ። ኪዳን ካልሄድኩ ዝርዝር የለኝም፣ ዝርዝር ከሌለኝ ሱቅ አልከፍትም።

የቁስቋም እናት፦ እሱ ደወል ነው ልጄ።

ባጃጅ ነጂ፦ ለእኔም የመቶ ብር ያዝልኝ። አሁን ሰው ጠርቶኛል፣ ማታ እንቀጥላለን።