አስቸኳይ፦ ረዳቴ ሄደ፣ በሬ ላይ ሰው ሞልቷል

ዝምታ (ጠያቂ)፦ ሰላም። ቶሎ መልሱልኝ። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ ሱቅ አለኝ። ዛሬ ደግሞ ሰኞ ነው። ደንበኛ የሚያናግርልኝ የአክስቴ ልጅ ነበር። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ አግኝቶ ጠዋት ሄደ። እኔ አስፐርገር (የኦቲዝም ዓይነት) አለብኝ፣ አዲስ አበባ ሐኪም አይቶኛል። ሥራዬን አውቃለሁ፣ ሰው ማናገር ነው የሚያቅተኝ። አሁን አንድ እናት መጥተው "ምን ሆኖ ነው?" አሉኝ። "እርስዎ ነዎት ያቃጠሉት" አልኳቸው። እውነት ነው። ሰፈሩን በጩኸት አቀለጡት። በሩን ገርበብ አድርጌ ጓዳ ተቀምጫለሁ። ውጭ ሰባት ሰው ቆሟል። ምን ላድርግ?

ቢራቢሮ፦ ምኑን ነው ያቃጠሉት? ሱቁ የምንድን ነው?

ዝምታ፦ ምጣድ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ጥገና። የጻፍኩት መስሎኝ።

የጦሳ ልጅ፦ አብሽር ወንድሜ። እኔማ ቤት የተቃጠለ መስሎኝ።

መምህሩ፦ መጀመሪያ ስያሜውን እናጥራ። ስሙ የመጣው ከቪየናው ሐኪም ከሃንስ አስፐርገር ነው፤ ጽሑፉ በ1944 እ.ኤ.አ. ወጣ። በ2013 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር ለብቻው መጥራቱን ትቶ ኦቲዝም ስፔክትረም ውስጥ ጨመረው። እኛም አገር ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በ2002 እ.ኤ.አ. ሲከፍቱ...

ቢራቢሮ፦ መምህር፣ ሰባት ሰው በር ላይ ቆሟል።

የአራዳዋ፦ ልጄ፣ አሁኑኑ ካርቶን ቅደድ። "ዛሬ እንቀበላለን። ሐሙስ ይደርሳል። ሽቦ መቀየር ይህን ያህል፣ ገመድ መቀየር ይህን ያህል። ዋጋ አይቀንስም።" በር ላይ ስቀለው። ምጣዱ ላይ ቁጥር ለጥፍ፣ ያንኑ ቁጥር በወረቀት ስጣቸው። እኔ ልብስ ስሸጥ ስንት ዓመቴ፣ የሚያደክመው ክርክሩ ነው።

ሐረጎ፦ ዋጋ ለጥፍ።

የጦሳ ልጅ፦ ደሴ ላይ "ዋጋ አይቀንስም" ብሎ ለጥፎ ማንም ሳይከራከረው የዋለ ሰው ካለ ቡና በኔ።

ቀጥተኛው፦ አትቀየመኝና ንግድ ያንተ አይደለም። ነጋዴ ማለት አፍ ነው። ተቀጠር።

ዝምታ፦ ሁለት ቦታ ተቀጥሬ ነበር። ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል። አለቃው የሚፈልገውን በግማሽ ነው የሚናገረው። እዚህ ሬዲዮ የለም። ደግሞ እኔ የጠገንኩት ምጣድ ተመልሶ አያውቅም። ሽቦውን ስዘረጋ የዙሮቹን ርቀት በማስመሪያ እለካለሁ። ከተጠጋጋ እዚያ ቦታ ላይ እንጀራው ያርራል። ከተራራቀ ዓይን አያወጣም።

ቀጥተኛው፦ እሺ። የባለቤቴን ምጣድ ይዤ እመጣለሁ።

ሐረጎ፦ እኮ ዋጋውን ለጥፍ።

ኮምቦልቻዋ፦ ወንድሜ እንዳንተ ነው። ለሱ የሠራለትን ልንገርህ። የሚላቸውን ነገሮች ወረቀት ላይ ጽፎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። "እንዴት አደሩ። ምን ሆነብዎት? አይቼ ሐሙስ እነግርዎታለሁ።" በቃ። ማን አበላሸው ቢሉህም "አይቼ እነግርዎታለሁ"። ውሸት አይደለም፣ ገና አልፈታኸውማ። እኒያን እናት ደግሞ "ውሃ ገብቶበታል" ብትላቸው ኖሮ አይቆጡም ነበር። ነገሩ ያው ነው፣ "እርስዎ" የምትለዋን ብቻ አውጣት። ለሰኞ ሰኞ ደግሞ የግማሽ ቀን ሰው ፈልግ። ሌላውን ቀን ብቻህን ትወጣዋለህ።

የአራዳዋ፦ ምጣዳቸውን ዛሬ ማታ ጠግነህ ራስህ ቤታቸው አድርስላቸው። ሰላምታ ሳታስጨርሳቸው ነው የተናገርከው አይደል? ወሎ ላይ እንዲህ አይሆንም።

ዝምታ፦ ሰላምታው ስንት ደቂቃ ነው?

የጦሳ ልጅ፦ እንደ ሰውየው ነው፣ ሃሃሃ። እናቴ ጋ ከሆነ ምሳ ይደርሳል።

የአራዳዋ፦ አትቀልድበት። ልጄ፣ ሦስት ጥያቄ ነው። እንዴት ዋሉ፣ ጤናዎ እንዴት ነው፣ ቤተሰብ ደህና ነው። መልሱን ስማ። ከዚያ ወደ ምጣዱ።

ዝምታ፦ ካርቶኑን ሰቀልኩ። አራት ሰው ወረቀት ይዞ ሄዷል። አንድ ሰውዬ አነበበውና "እሺ ባይቀንስም፣ ለኔ ስንት ትቀንሳለህ?" አለኝ። በሩ ላይ ቆሟል። ምን ልበለው?

የጦሳ ልጅ፦ ቡናዬ ተረፈች።

ሐረጎ፦ ዋጋ ለጥፍ።

ኮምቦልቻዋ፦ በጣትህ ካርቶኑን አሳየውና ዝም በል። ዝም ማለትማ ትችልበታለህ።

ቢራቢሮ (ሐሙስ)፦ ዝምታ፣ የእናትየዋ ምጣድ ደረሰ?