ከግብፃዊ ጋር አንድ ቤት እኖራለሁ፤ ልልቀቅ ወይስ ልታገሥ?

ጤና ይስጥልኝ የጎጃም ልጆች። የዳንግላ ልጅ ነኝ፤ ወደዚህ አገር ከመጣሁ ገና አንድ ዓመት አልሞላኝም። ሁለት መኝታ ቤት ያለው አፓርታማ ከአንድ ግብፃዊ ጋር ተከራይቻለሁ። ሰውዬው ንጹሕ ነው፤ ኪራዩንም ቀኑን ጠብቆ ይከፍላል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የዓባይ ግድብ ሲመረቅ እኔ ሳሎን ቴሌቪዥን ከፍቼ ስጮኽና ሳጨበጭብ፣ እሱ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም። ውሉ ሊያልቅ አምስት ወር ይቀረዋል፤ ቀድሜ ከወጣሁ ማስያዣዬን አጣለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ ከሰከላ፦

ወንድሜ፣ አትልቀቅ። በአምስት ወር ጸጥታ የሞተ ሰው የለም፤ ማስያዣ ግን በከንቱ ይቀራል።

በ2003 ሰከላ ውስጥ አስተማሪ ነበርኩ። መጋቢት 24 ቀን ጉባ ላይ የመሠረት ድንጋዩ በተቀመጠ ማግሥት የወር ደመወዛችንን ለቦንድ ሰጠን፤ በየወሩ እየተቆረጠ ነው የተከፈለው። ሁላችንም በፈቃዳችን ሰጠን ብዬ አልምልም፤ አልሰጥም ብሎ እጁን የሚያወጣ ግን አልነበረም። ገንዘቡ ከኪሴ ከወጣ በኋላ ታዲያ ግድቡ የመንግሥት መሆኑ ቀረና የእኔ ሆነ። ሦስት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ተፈራርቀዋል፤ አገሩ በስንት ነገር ተጣልቷል፤ ከመካከላቸው «ግድቡን ትቼዋለሁ» ብሎ በእኛ ፊት ሊቆም የሚችል አንድም አልነበረም።

የግብፃውያንም መሪ ከዚህ የተለየ ዕድል የለውም። ግብፅና ሱዳን በ1959 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ወንዙን ሲከፋፈሉ ለግብፅ 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ደረሳት፤ ኢትዮጵያን የጠየቀ አልነበረም። ያ ቁጥር እዚያ እንደ አገር ድንበር ነው የሚታየው። ከእርሱ ላይ ቀንሶ የሚፈርም መሪ ማታ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?

በ2005 የሆነውን ታስታውሱ ይሆናል። ግንቦት 20 የወንዙ አቅጣጫ ተቀየረ። በስድስተኛው ቀን የግብፁ ፕሬዚዳንት ሙርሲ ፖለቲከኞቻቸውን ሰበሰቡ፤ ተሰብሳቢዎቹ በቀጥታ እየተላለፉ መሆኑን ሳያውቁ፣ አማፂ ስለማስታጠቅና ግድቡን ስለማሰናከል አንዱ ከሌላው እየበለጠ ተናገረ። ሰከላ ሆነን ስንሰማ ደማችን ፈላ። ሰኔ 6 የእኛ ምክር ቤት የወንዙ አገሮች ውሃውን በጋራ የሚጠቀሙበትን ደንብ የያዘውን የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነትን አጸደቀ፤ ያን ሰሞን «እንቆይ» የሚል ድምፅ ቢነሳ ማን ይሰማው ነበር? አሁን ሳስበው እነዚያ ሰዎች ለጦርነት ሳይሆን ጎናቸው ላለው ሰው ጭብጨባ ነበር የሚናገሩት። ጭብጨባውን ግን እኛም ሰማነው።

እዚህ መጋዘን ውስጥ አብሮኝ በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ግብፃዊ አንድ ቀን «ከዚያ ወንዝ ምን ያህል ትጠጣላችሁ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ለእኛ ግሽ ዓባይ ጠበል ነው፤ ወንዙ ደግሞ አፈራችንን ጠርጎ የሚሄድ ነው። እናቴ ውሃ የምትቀዳው ከሌላ ምንጭ ነበር፤ በበጋ ስትደርቅባት ሌላ ምንጭ ፍለጋ ትሄዳለች። ይህን ስነግረው ዝም አለ። እኛ በውሃ ላይ የምንንሳፈፍ መስሎት ኖሯል። እሱም በተራው አባቱ ሩዝ ይዘራ እንደነበር፣ መንግሥት የሩዝ መሬቱን ሲገድብ ሽማግሌው ጥፋቱን ሁሉ በእኛ ግድብ ላይ እንደጣሉ ነገረኝ። ገደቡን ያወጣው የገዛ መንግሥታቸው ነው፤ ሽማግሌው ግን ቁጣቸውን ለሩቅ ሰው ላኩት። የሩቅ ሰው መልስ አይሰጥም።

መልስ ከደብረ ማርቆስ፦

ጋሼ፣ ልብዎን አከብራለሁ፤ ግን እኛን በጣም ንጹሕ አደረጉን። ጥቅምት 2013 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትራምፕ ግብፅ ግድቡን እንደምታፈነዳው በስልክ ሲናገሩ ዓለም ሰማ። እኔም ሰልፍ ወጥቻለሁ፤ ለእንደራሴዎቻችን ደብዳቤ ጽፌአለሁ። አይቆጨኝም። ነገር ግን በዚያ ሰልፍ ላይ ስለ ግብፃውያን የተባለውን አንዳንድ ነገር ጎረቤቴ ቢሰማ አፍር ነበር። የሕዝብ ቁጣ በካይሮ ብቻ አይመረትም።

ለጠያቂው፦ ሰልፉ አደባባይ ይሁን፤ ሳሎን የጋራ ነው። ያን ቀን ድምፁን ብትቀንስ ምን ነበረበት?

ጠያቂው፣ ከዳንግላ፦

ልክ ነሽ እህቴ። ትናንት ሻይ አፍልቼ በሩን አንኳኳሁ። ትንሽ ቆይቶ ከፈተና ስኳር ጨመረ፤ እኔ ከምጨምረው ይበልጣል። ስለ ዓባይ አላነሳንም። አከራዩ ከመጪው ወር ጀምሮ ኪራይ እንደሚጨምር የላከውን ወረቀት አሳየኝ፤ እኔ አላየሁትም ነበር። ቅዳሜ አብረን ልናነጋግረው ነው። እንዲህ ያለ ጭማሪ በውል መካከል ይፈቀድ እንደሆነ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልን።