ተሳቢ ከኋላ፣ መኪና ከፊት ሲመጣ ብስክሌተኛው የት ይሁን? (ደብረ ብርሃን – ጣርማ በር – ደብረ ሲና)

ጠባሴ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማ በር ብስክሌት የምንነዳ ልጆች በአንድ ነገር አልተስማማንም። ግማሾቻችን የአስፋልቱን ጠርዝ ተለጥፈን እንሄዳለን። ሌሎቹ ገባ ብለው ይነዳሉ፣ ሾፌሮችም «ዳር ያዝ!» እያሉ ክላክስ ያስጮኹባቸዋል። ተሳቢ ከኋላ፣ ሌላ መኪና ከፊት ሲመጣ ትክክለኛው ቦታ የት ነው? ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱስ? ሾፌሮችም ካላችሁ መልሱልን።

ባለፔዳል፦
ጠርዝ መለጠፍ ትሕትና ይመስላል እንጂ ሾፌሩን ያሳስተዋል። እንለካው። የአንድ አቅጣጫ መስመር 3.5 ሜትር ነው እንበል። ከጠርዙ 70 ሳንቲ ሜትር ገብተህ ስትነዳ የመሪህ ግራ ጫፍ 1 ሜትር ላይ ይደርሳል። የከባድ መኪና ወርድ 2.5 ሜትር ነው። በመካከላችሁ 1.5 ሜትር ይቅር ካልን (ፈረንሳይና ስፔን ከከተማ ውጭ በሕግ የሚጠይቁት ይህንን ነው) ድምሩ 5 ሜትር ሆነ። ስለዚህ መኪናው የመሀሉን መስመር በ1.5 ሜትር ማለፍ አለበት። ከፊት ሌላ ከመጣ ቦታ የለም፣ መጠበቅ ግድ ነው። አንተ ጠርዝ ላይ ከተለጠፍክ ግን «ይበቃኛል» ብሎ ይገባል፣ አንተም የምትሸሽበት አይኖርህም። አስፋልቱ ተቆርሶ ከጠጠሩ ከፍ ባለበት ቦታ ደግሞ የፊት ጎማ አንዴ ከወረደ፣ ልመልሰው ስትል ከጠርዙ ጋር ተፋትጎ ወደ መኪናው ይጥልሃል።

እንግዲህ በተለመደው ጊዜ ከ70 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር። ከሁለቱም በኩል መኪና ሲመጣ ቀደም ብለህ ዞር ብለህ አይተህ ትንሽ ገባ በል። ድንገት መግባት ግን የለም። ከፊት የመጣው እንዳለፈ ወዲያው ወደ ቀኝ ጠጋ ብለህ አሳልፈው። በሰዓት 60 ሊሄድ የሚችል መኪና ከኋላህ በ20 ለ10 ሰከንድ ቢከተልህ የሚያጣው 7 ሰከንድ እንኳ አይሞላም።

ስለ ንፋሱም ልጨምር፣ በዚያ ሜዳ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ንፋሱ ከግራ ሲገፋህ ሳታውቀው ወደ ግራ ተደግፈህ ትነዳለህ። ረጅም መኪና በግራህ ሲያልፍ ንፋሱን ስለሚከልለው ሰውነትህ በአንዴ ወደ መኪናው ይዘማል። ድምፁን ስትሰማ መሪውን አጥብቀህ ያዝ፣ ክርንህን አላላ፣ ፔዳሉን አታቋርጥ።

ባለተሳቢ፦
ልጄ፣ ከላይ የተባለው ልክ ነው። የኛንም ስማ። የጫነ ተሳቢ ዳገት ላይ ፍጥነቱን ከጣለ መልሶ ማንሳት ጭንቅ ነው፤ ስለዚህ ጠፍጣፋ ቦታ ስታገኙ ወጣ ብላችሁ ብታሳልፉን ትልቅ ውለታ ነው። ክላክስም ከሩቅ አንዴ አጠር ተደርጎ ሲነፋ «መጣሁ» ማለት ነው። ጆሮ ሥር ደርሶ የሚያስጮህ ሾፌር ግን ጥፋተኛ ነው፤ ሰው ደንግጦ ጎማ ሥር ሊገባ ይችላል።

ወደ ቀኝ በሚታጠፍ ኩርባ ላይ ከተሳቢ ጎን አትገኙ። ጋቢናው አልፏችሁ የኋላው ጎማ ወደ ውስጥ ቆርጦ ይመጣል። የኔን ስፖኪዮ መስታወት ካላያችሁ እኔም አላያችሁም። ዳገት ላይ የመኪና ጭራ ይዛችሁ መጎተቱንም ተዉት፤ ፍሬን ስንይዝ ከኋላ መያዛችሁን አናይም። ደግሞ ጠዋት ወደ ጣርማ በር ስትወጡ ፀሐይ ፊታችሁ ላይ ከሆነች የኛም ፊት ላይ ናት፤ ቀይ የኋላ መብራት አብሩ።

መካኒክ፦
ስለ ቁልቁለቱ። ከመውረድህ በፊት ፍሬኑን ጨብጠህ እይ፤ መያዣው ከመሪው ጋር ሳይገናኝ ሁለት ጣት ያህል መቅረት አለበት። የፍሬኑ ላስቲክ ላይ ያለው ቦይ ከጠፋ ቀይር። ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን ያለማቋረጥ ከተያዘ ቸርኬው ይግላል፣ የከለመዳሪያው ጥጋኝ ይለቃል ወይም ጎማው ይፈነዳል። ከኩርባው በፊት ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ከዚያ ልቀቅ፣ እንዲቀዘቅዝ።

በዝቅተኛ ማርሽ የሚወርድ ከባድ መኪና ላይ ስትደርስ በቀኙ አትሹለክ፤ ራቅ ብለህ ተከተለው። ከኋላህ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ከሸተተህ ግን ከመንገዱ ውጣና ይለፍ።

የጣርማ በር ዋሻ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በሰዓት 15 ስትነዳ ከሁለት ደቂቃ በላይ ጨለማ ውስጥ ነህ። ጥቁር መነጽርህን ሳትገባ አውልቅ፣ የፊትም የኋላም መብራት አብራ፣ ከባድ መኪና ከኋላ ካየህ ደጅ ላይ ቆመህ አሳልፍ። ጉም ከወረደና 30 ሜትር ብቻ ከታየ አትንዳ። በሰዓት 60 የሚመጣ መኪና 30 ሜትሩን ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ይጨርሰዋል።

ጠባሴ፦
እግዜር ይስጥልን። ጋሼ ባለተሳቢ፣ ታግሶ ያሳለፈንን ሾፌር ስናመሰግን ያዩታል?

ባለተሳቢ፦
እናያለን እንጂ! ግራ እጅህን ከፍ አድርግ። ቁልቁለት ላይ ከሆነ ግን እጅህ ከፍሬን አይነሳ፣ ራስህን ብትነቀንቅ ይበቃል።