የሐይቅ ዳር የዓሣ ማቀዝቀዣ ክፍል፦ ውሃው ይወጣል፣ ኮምፕረሰሩ ግን በሃይ ፕሬሸር ይቆማል

ቆሮሶ_ሐይቅ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐይቅ ከተማ፣ ውሃው ዳር ያለ የማኅበር የዓሣ ማቀዝቀዣ ክፍል ነው። ማሽኑ በውሃ የሚቀዘቅዝ ኮንደንሰር (የጋዙን ሙቀት ወደ ውሃው የሚጥለው አካል) አለው፤ ጋዙ አር 134ኤ፣ የማቀዝቀዝ አቅሙ 5 ኪሎ ዋት፣ ኮምፕረሰሩ ደግሞ ወደ 2 ኪሎ ዋት ይበላል። ውሃውን የምንስበው በቀጥታ ከሐይቁ ነው። ባለ 1 የፈረስ ጉልበት ፓምፕ ክፍሉ ጎን ተቀምጧል፣ መሳቢያው የ1 ኢንች ተኩል ፕላስቲክ ቱቦ ነው፣ ጫፉ ላይ ፉት ቫልቭ (ውሃው ወደ ሐይቁ እንዳይመለስ የሚዘጋ) እና ወንፊት አለው።

ጠዋት ጠዋት ደህና ይሠራል። ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ሃይ ፕሬሸር ስዊቹ (የጋዙ ግፊት ሲበዛ ማሽኑን የሚያቆመው) ይቆርጣል። ሪሴት ስናደርገው ሩብ ሰዓት ያህል ይሠራና ተመልሶ ይቆማል። ግራ የሚያጋባው ከመመለሻው ቱቦ ውሃ እየወጣ መሆኑ ነው። አንዱ ባለሙያ ጋዙ በዝቷል፣ ይቀነስ አለ። ሌላው ኮንደንሰሩ ይቀየር አለ። ጥቅምት ላይ ይህ ችግር አልነበረም፤ ውሃው ከዳር እየሸሸ ሲሄድ ነው የጀመረው። የገባው የቆሮሶና የአምባዛ ዓሣ ደግሞ ቀን አይሰጥም። ከየት እንጀምር?

ኮምቦልቻ_ፍሪጅ

አብሽር ወንድሜ። ጋዙንም ኮንደንሰሩንም ገና እንዳትነኩ። ሪሴቱንም ደጋግማችሁ አትጫኑ፤ በዚያ ግፊት ላይ በተደጋጋሚ የሚነሳ ኮምፕረሰር ዘይቱ ይቃጠላል፣ ቫልቩ ይሰበራል። እስኪስተካከል ዓሣውን በረዶ ውስጥ አቆዩት።

ውሃ ወጣ ማለት በቂ ውሃ አለፈ ማለት አይደለም። ኮንደንሰሩ የሚጥለው ሙቀት የክፍሉና የኮምፕረሰሩ ድምር ነው፤ የእናንተ 5 ሲደመር 2፣ 7 ኪሎ ዋት። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በደቂቃ የሚያልፈው ሊትር፣ ሲባዛ በመግቢያና በመውጫ ውሃ የሙቀት ልዩነት፣ ሲባዛ በ0.07፣ ኪሎ ዋት ይሰጣል። ውሃው ሲያልፍ 5 ዲግሪ ብቻ እንዲሞቅ በደቂቃ 20 ሊትር ያስፈልጋችኋል። ስለዚህ የ20 ሊትሩን ቢጫ ጄሪካን ከመመለሻው ቱቦ ሥር አድርጉና በስልክ ሰዓት ያዙ። በ1 ደቂቃ መሙላት አለበት።

ማሽኑ እየሠራ ሦስት ነገር አንብቡልኝ፦ የመግቢያ ውሃ ሙቀት፣ የመውጫ ውሃ ሙቀት፣ የሃይ ሳይድ ጌጅ (ከኮምፕረሰሩ የሚወጣው ጋዝ ግፊት መለኪያ)። የመውጫውን ሙቀት ጄሪካኑ ውስጥ ሳይሆን ከቱቦው አፍ ላይ ለኩ። ጋዙ ኮንደንሰሩ ውስጥ ፈሳሽ የሚሆንበት ሙቀት ከግፊቱ ይታወቃል፤ ለ134ኤ 35 ዲግሪ ማለት 114 ፒኤስአይ (የግፊት መስፈሪያ) ገደማ ነው። በእኛ ከፍታ ጌጅ 3 ፒኤስአይ ያህል ጨምሮ ያነባል፣ ለዚህ ሥራ ግን ችላ በሉት።

ቆሮሶ_ሐይቅ

ለካን። ጄሪካኑ 2 ደቂቃ ተኩል ፈጀ። መግቢያ 22፣ መውጫ 34። ጌጁ 190 ላይ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ እየወጣ ይሄድና 230 አካባቢ ሲደርስ ይቆርጣል።

ኮምቦልቻ_ፍሪጅ

ጥሩ ቁጥር ነው፣ ብዙ ይናገራል። 20 ሊትር በ2 ደቂቃ ተኩል ማለት በደቂቃ 8 ሊትር ነው። 8 በ12 በ0.07 ሲባዛ 6.7 ኪሎ ዋት ይመጣል፤ ከ7ቱ ጋር ይገጥማል፣ ስለዚህ ልኬታችሁን አምናለሁ። የሚያልፈው ውሃ ከሚያስፈልገው ግማሹንም አይሞላም። አንደኛው ችግር ይህ ነው።

ሁለተኛም አለ። 190 ፒኤስአይ ለ134ኤ 53 ዲግሪ ነው። ውሃው የሚወጣው በ34 ነው፤ በጋዙና በሚወጣው ውሃ መካከል 19 ዲግሪ ክፍተት አለ። ንጹሕ ኮንደንሰር ላይ ይህ ክፍተት ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ቢሆን ነው። በውሃ ማነስ ብቻ ይህን ያህል አይሰፋም፤ የቱቦው ውስጥ ግድግዳ ላይ ዝቃጭ ተጋግሯል። የሐይቁ ውሃ አልካላይን ነው፣ ፒኤቹ 9 አካባቢ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ሲሞቅ ካርቦኔት ይጥላል፣ ውሃው ባነሰና በሞቀ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። የመጀመሪያው ችግር ሁለተኛውን እየመገበው ነው።

ጋዝ ሲበዛም፣ መስመሩ ውስጥ አየር ሲገባም ግፊት ይጨምራል። ጋዝ መቀነሱ ግን ከውሃው በኋላ የሚታይ ነው። ውሃው ሳይስተካከል ጋዝ የቀነሰ ሰው፣ ውሃው ሲስተካከል ጋዝ አንሶት ያገኘዋል።

መርሳ_ፓምፕ

የፓምፑን ነገር ልጨምር። ውሃው ያነሰው ፓምፑ መሳብ አቅቶት ነው ወይስ ኮንደንሰሩ አላሳልፍ ብሎት? ይህን ሳትለዩ ቁልፍ እንዳታነሱ። ማሽኑን አጥፉ፣ ወደ ኮንደንሰሩ የሚገባውን ቱቦ ፍቱትና ከፓምፑ በቀጥታ ወደ ጄሪካን ልቀቁት። ባለ 1 ፈረስ ፓምፕ እንዲህ ተለቆ 20 ሊትሩን ከግማሽ ደቂቃ በታች መሙላት አለበት። በቶሎ ከሞላ እንቅፋቱ ኮንደንሰሩ ነው። አሁንም ከዘገየ ጥፋቱ ከፓምፑ ወደ ሐይቁ ባለው በኩል ነው። ፓምፑ ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነ አቅጣጫውንም እዩ። ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ወደኋላ ሲዞርም ትንሽ ውሃ ይሰጣል፣ ስለዚህ ሰው አይጠረጥረውም።

ከውሃው ፊት እስከ ፓምፑ ያለውን ቀጥ ያለ ከፍታም ለኩልኝ፣ የቱቦውን ርዝመት አይደለም።

ቆሮሶ_ሐይቅ

እናመሰግናለን ጋሼ። ፓምፑ ባለ አንድ ፌዝ ነው። በቀጥታ ሲለቀቅም 1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ፈጀ። ከፍታው 5 ሜትር ተኩል ሆነ። ፓምፑ መግቢያ ላይ ያለችው አጭር ብርሃን የምታሳልፍ ቱቦ ውስጥ ነጫጭ አረፋ እየተከታተለ ያልፋል።

መርሳ_ፓምፕ

እንግዲያው ችግሩ መሳቢያው ነው። በባሕር ጠለል ላይ አየሩ ውሃን 10.3 ሜትር ድረስ ይገፋል። ሐይቅ ከ1,900 ሜትር በላይ ስለሆነ እናንተ ጋ 8 ሜትር ብቻ ነው ያለው። ከዚያ ላይ ፓምፑ ራሱ የሚፈልገውን 2 እስከ 3 ሜትር፣ የቱቦውንና የፉት ቫልቩን ሰበቃ ቀንሱ፤ አስተማማኙ ከ4 ሜትር እስከ 4 ሜትር ተኩል ነው። ጥቅምት ላይ ውሃው ቅርብ ስለነበር ችሏል። አሁን ከአቅሙ በላይ እየሳበ ነው። ቆቦና ጊራና ሜዳው ላይ ይሠራ የነበረ ፓምፕ ሽቅብ ተወስዶ ሰነፈ የሚባለውም ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

የጀልባ ኤሲ ላይም የማቀዝቀዣው ውሃ መንገድ ይኸው ነው፤ ወንፊት፣ ፓምፕ፣ ኮንደንሰር፣ ከዚያ ወደ ውጭ። እዚያ ግን ፓምፑን ከውሃው ፊት በታች፣ ወንፊቱን ከፓምፑ በታች ያስቀምጣሉ። ውሃው ራሱ ወርዶ ይሞላዋል፣ አየር የሚገባበት ዕድል ያንሳል። እናንተም ፓምፑን ወደ ውሃው አውርዱት። ከውሃው ፊት 1 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ጎርፍ የማይነካው የሲሚንቶ መቀመጫ ይበቃዋል። መግፋት ለዚህ ፓምፕ ችግር አይደለም፤ የሚጎዳው መሳብ ነው።

አረፋው ደግሞ ለብቻው ይታይ። የመሳቢያ መስመር ሲያፈስ ውሃ አያንጠባጥብም፣ አየር ይስባል፤ ስለዚህ በዓይን አታገኙትም። ፓምፑን አጥፉ፣ በመሙያው ቀዳዳ በኩል 2 ሜትር ወደ ላይ የቆመ ቱቦ ግጠሙና ውሃ ሙሉበት። አየር የሚያስገባው መገጣጠሚያ ያን ጊዜ ያንጠባጥባል። ውሃው ሳያንጠባጥብ ከወረደ ፉት ቫልቩ አይዘጋም፤ ላስቲኩ ሥር ገለባ ወይም ቅጠል ተቀርቅሯል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው የላላ ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ) ነው፤ በየመገጣጠሚያው ሁለት ሁለት አድርጉ። ቱቦው ከሐይቁ እስከ ፓምፑ ያለማቋረጥ ሽቅብ ይሂድ፤ መሃል ላይ ጉብ ካለ አየር እዚያ ይጠራቀማል። ከ5 ሰዓት በኋላ የሚብሰውም ለዚህ ይመስለኛል፤ አየሩ ቀስ እያለ ይሞላል፣ ቀኑም ክፍሉም ይሞቃል። ቱቦው ለስላሳ ከሆነ በመሳብ ኃይል ይጣበቃልና ውስጡ ጠመዝማዛ ማጠንከሪያ ያለውን አድርጉ። ወንፊቱ ከሐይቁ ወለል ግማሽ ሜትር ከፍ፣ ከውሃው ፊት ቢያንስ 1 ሜትር ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል።

አደራ ስለ መብራቱ። ፓምፑ ወደ ውሃው ሲቀርብ፣ መረብ የሚጥሉ ሰዎች በእግራቸው የሚገቡበት ቦታ ነው። ያለ 30 ሚሊ አምፔር የመብራት ፍሳሽ መቁረጫና ያለ ኧርዝ አንድ ቀን እንኳ እንዳታስነሱት።

ደሴ_መካኒክ

አንድ ነገር ተረስቷል። እንዲህ ያሉ ማሽኖች ብዙዎቹ በኮንደንሰሩ የውሃ መስመር ላይ በጋዝ ግፊት የሚከፈትና የሚዘጋ የውሃ መቆጣጠሪያ ቫልቭ አላቸው። ከሃይ ሳይዱ ቀጭን የመዳብ ቱቦ ወደ እሱ ይሄዳል። ግፊቱ 190 ሲሆን ሙሉ በሙሉ መከፈት አለበት። እናንተ በቀጥታ ስትለቁት በደቂቃ ወደ 11 ሊትር፣ በኮንደንሰሩ ሲያልፍ 8 ነው፤ ልዩነቱ ከዝቃጩ ብቻ ላይሆን ይችላል። ቫልቩ ካላችሁ ፈትታችሁ እጠቡት፣ መቀመጫው ላይ አሸዋ አይጠፋም።

ኮምቦልቻ_ፍሪጅ

ትክክል ነው፣ ቫልቩ ከአሲዱ በፊት ይታይ። አሲዱ እንዲህ ነው። ኮምፕረሰሩን አጥፉ፣ የኮንደንሰሩን ሁለት የውሃ አፎች ከመስመሩ ለዩ። በርሜል ውስጥ 40 ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ 2 ኪሎ ሲትሪክ አሲድ። በትንሽ ፓምፕ ከታችኛው አፍ አስገብታችሁ ከላይኛው ወደ በርሜሉ መልሱ፤ ከታች ሲገባ አየሩን እየገፋ ይወጣል። አረፋ ካያችሁ አሲዱ ዝቃጩን እየበላው ነው። አንድ ሰዓት ካዞራችሁ በኋላ በፒኤች ወረቀት ለኩ፤ ከ4 በላይ ከወጣ አሲዱ አልቋል፣ ግማሽ ኪሎ ጨምሩ። አረፋው ቆሞ ፒኤቹ ሳይለወጥ ሲቆይ ጨርሷል። ከዚያ 10 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ አጥቡ። ጋልቫናይዝድ መገጣጠሚያ ካለ አውጡት፣ አሲዱ ይበላዋል። የባትሪ አሲድ የሚላችሁን አትስሙ። በረኪና ደግሞ በምንም ዓይነት ከአሲድ ጋር እንዳይገናኝ፤ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል።

የታጠበበትን ውሃ ወደ ሐይቁ አታፍስሱ። ይህ ሐይቅ በገጸ ምድር መውጫ ወንዝ የለውም፣ የገባበት እዚያው ይቀራል፤ እናንተም የምትበሉት ከእሱ ነው። በቤኪንግ ሶዳ ፒኤቹን 7 አካባቢ አድርሱትና ከዳሩ ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ ድፉት።

ቆሮሶ_ሐይቅ

ፓምፑ ወርዷል፣ ሁለት ፋሼታ ተቀይሯል፣ ፉት ቫልቩ ውስጥም ቅጠል ተገኝቷል። መቆጣጠሪያ ቫልቭ የለውም። አሲዱ ገና ነው። አሁን በኮንደንሰሩ አልፎ ጄሪካኑ በ50 ሰከንድ ይሞላል፤ መግቢያ 22፣ መውጫ 26፣ ጌጁ 155 ላይ ቆሟል። ቀትር ላይም አልቆረጠም። አሁንም አሲዱ ያስፈልጋል?

ኮምቦልቻ_ፍሪጅ

ያስፈልጋል። 155 ማለት 45 ዲግሪ ነው፤ ከ26ቱ ጋር አሁንም 19 ዲግሪ ክፍተት አለ፣ ዝቃጩ አልተነካም። ከታጠበ በኋላ ወደ 110 ፒኤስአይ መውረድ አለበት፣ ኮምፕረሰሩም የሚበላው መብራት ይቀንሳል። ታጥቦም ካልወረደ ያን ጊዜ ስለ ጋዙ እናውራ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ወንፊቱን አጽዱ፣ በየወሩ ጄሪካኑን በሰዓት ያዙና ከጌጁ ጋር ደብተር ላይ ጻፉ። በመውጫው ውሃና በጋዙ መካከል ያለው ክፍተት 12 ዲግሪ ሲደርስ አሲዱን ድገሙት።