ሜሪላንድ፦ ጓሮዬ ክረምቱ ያለቀ መስሎት ተነሳ፣ ቅዳሜ ደግሞ ውርጭ ይላል፤ ምን ልሸፍን?

የጓሮ ጀማሪ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ሰላም እንዴት ናችሁ። ፌብሩዋሪ ገና ሳያልቅ ሳምንቱን ሙሉ ሙቀቱ 60ዎቹ ፋራናይት ውስጥ ሰነበተና ጓሮው ሁሉ ነቃ፤ ኦክቶበር ላይ የቀበርኩት ነጭ ሽንኩርት ጣት የሚያህል አውጥቷል፣ ዳፎዲሉ አበባ እንቡጥ ይዟል፣ የፊጉ (የበለሱ) ዛፍም ጫፍ ጫፉ አረንጓዴ እያለ ነው። አሁን ስልኬ ላይ ሳየው ቅዳሜ ሌሊት 22 ፋራናይት ይላል! ከሁሉ ያሳሰበኝ ጤና አዳሜ ነው፣ ዘሩ ካገር ቤት የመጣ ነው፣ ግድግዳ ስር መሬት ላይ ነው ያለው። የቱን ልሸፍን የቱን ልተወው? ቃሪያስ መቼ ልዝራ? በናታችሁ።

ታኮማ ፓርክ፦ ነጭ ሽንኩርቱንና ዳፎዲሉን እርሳቸው ባክህ። የነጭ ሽንኩርቱ ጫፍ ቢጫ ቢሆን ነው፣ ዋናው አፈር ውስጥ ስለሆነ ያገግማል። ዳፎዲሉ ጠዋት አንገቱን ደፍቶ ተኝቶ ብታገኘው አትደንግጥ፣ ሲሞቀው ቀና ይላል። የደረቀ ቅጠል ካለህ ጣል አድርግባቸው፣ ከሌለህም ችግር የለውም።

እናት ጓዳ፦ የኔ ልጅ፣ ጤና አዳሙን ግን አደራ። እዚህ ነርሰሪ (ችግኝ መሸጫ) የሚሸጡት ዓይነት ብርድ ይችላል፣ ያገራችን ግን ሌላ ዝርያ ነው፣ ብዙ አይችልም። ቅዳሜ ቀን ፀሐይ እያለ ሥሩን በደንብ አጠጣው፣ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። ከዛ ሳይመሽ አሮጌ አንሶላ ወይም ብርድ ልብስ አልብሰውና እስከ መሬት ድረስ አውርደው፣ ሙቀቱ ከመሬት ስለሆነ የሚመጣው ላይ ላዩን ብቻ ብትሸፍነው ዋጋ የለውም፣ ዙሪያውን ድንጋይ ጫንበት። ጠዋት ውሃ በረዶ ከሚሆንበት ከ32 በላይ ሲሆን ግለጠው። ለማንኛውም ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ ቆርጠህ እርጥብ አፈር ላይ ተክለህ ቤት አስገባ፣ ያኛው ቢሞት እንኳን ዘርህ አይጠፋም።

ፌርፋክስ፦ አንሶላ ካጣህ ፕላስቲክም ይሆናል ግን ቅጠሉን እንዳይነካ እንጨት ተክለህ ከላይ ወጥረው፣ የነካውን ቦታ ያቃጥለዋል። ጠዋትም ቶሎ ካላነሳኸው ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ይቀቅለዋል።

የደብረ ብርሃን ልጅ፦ ቁጥሩን ብቻ አትይ ሰማዩንም እይ። እኛ ጋ ኅዳር ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ጸጥ ካለ ሌሊቱን ውርጭ እንደሚጥል ማንም ገበሬ ያውቃል፣ እዚህም ያው ነው፣ ደመና ካለ ሙቀቱን ይይዘዋል። ስልክህ ደግሞ የአካባቢውን እንጂ የጓሮህን አይነግርህም፣ ቀዝቃዛ አየር ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይተኛል። እዚህ አገር የፌብሩዋሪን ሙቀት ማመን አይቻልም፤ 2017 ማርች ላይ ዋሽንግተን ዲሲ ታይዳል ቤዝን የሚባለው ውሃ ዳር ያለውን የቼሪ ዛፍ ሊፈነዳ ሲል ብርድ መትቶት ግማሽ ያህሉ አበባ ተበላሽቷል።

ፊጉን አሁን እንዳትቆርጠው፣ ማዳበሪያም አትስጠው፣ ለስላሳ ቅጠል አውጥቶ ለሚቀጥለው ብርድ ነው የሚጋለጠው። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ቅርፊቱን በጥፍርህ ፋቅ አድርገው፣ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ፣ ቡናማና ደረቅ ከሆነ እስከ አረንጓዴው ድረስ ቁረጠው። ላዩ በሙሉ ቢሞትም ብዙ ጊዜ ከሥሩ ያወጣል።

ታኮማ ፓርክ፦ ቃሪያው ተረስቷል። ማርች አጋማሽ ላይ ቤት ውስጥ ዝራው፣ ሙቀት ካላገኘ አይበቅልም፣ ፍሪጅ አናት ላይ አስቀምጠው፣ ልክ ብቅ ሲል ግን ወደ ብርሃን። ወደ ውጭ የምታወጣው የእናቶች ቀን አካባቢ ሜይ ላይ ነው፣ ሌሊቱ ከ50 በታች መውረድ ሲያቆም። ኤፕሪል ላይ ሆም ዲፖ መደብር ችግኝ ደርድሮ ስታይ እንዳትታለል፣ ያኔም ውርጭ አለ።

የጓሮ ጀማሪ፦ እግዜር ይስጥልኝ እናት ጓዳ፣ ሁላችሁም። አንድ የመጨረሻ፦ ከፎል፣ ከብርዱ በፊት ከነበረው ወቅት፣ የተረፈ ጎመን አለኝ፣ ከመሃሉ ዘንግ እያወጣ ነው፣ ምንድነው?

እናት ጓዳ፦ ሊያብብ ነው። ብርዱን ካሳለፈ በኋላ ቀኑ ሲረዝም እንዲህ ያደርጋል፣ ካበበ ቅጠሉ ይመራል። አሁን ግን ብርድ የመታው ጎመን ይጣፍጣልና ቅጠሉን ቅዳሜ ሳይመሽ ቀጥፈህ ሥራው፣ ዘንጉንም ለጋ ሳለ ከነእንቡጡ ክተፈውና አብረህ ቀቅለው። አንድ ሁለቱን ለዘር ተው።