ክርክር፦ ጥፋቱ የፋይሉ ስም ነው ወይስ የስክሪፕቱ?

የታቦሩ፦ እዚህ ሀዋሳ አንድ መሥሪያ ቤት የሰዎችን ዶክመንት ስካን እያደረግን ነው። ፋይሉ በስምና በአባት ስም ይቀመጣል። ትናንት ፋይሎቹን ወደ ሌላ ፎልደር የሚወስድ ሼል ስክሪፕት (ሼል ለሚባለው ትእዛዝ ተቀባይ ፕሮግራም የሚጻፍ የትእዛዞች ዝርዝር) ጻፍኩ። ፎልደሩ ውስጥ 62 ፋይል አለ፤ ለእያንዳንዱ ፋይል አንዴ መዞር ያለበት ሉፕ ግን 124 ጊዜ ዞረ። «አበበ» የሚባል ፋይል የለም፣ «ከበደ.ፒዲኤፍ» የሚባል ፋይል የለም እያለ ስክሪኑን ሞላው። አቋሜ ይሄ ነው፦ በፋይል ስም ውስጥ ስፔስ ይከልከል። ሁሉም አንደርስኮር (_) ይጠቀም።

የአቶቴዋ፦ አልስማማም ወንድሜ። የሰው ስም ከነአባቱ ነው። መዝገብ ቤት ያለችው እህታችን ለሼል እንዲመች ብላ ለምን ታበላሸዋለች? የኤልኤስን (የፋይል ስሞችን የሚዘረዝረውን ትእዛዝ) ውጤት ነው አይደል ለፎር (ሉፑን ለሚያዞረው ትእዛዝ) የሰጠኸው? ሼል እሱን የሚቆራርጠው አይኤፍኤስ (IFS) በሚባለው፣ መለያ ምልክቶችን በሚይዘው ቫሪያብል (ዋጋ የሚቀመጥበት ስም) ነው። ካልነካኸው ውስጡ ያሉት ስፔስ፣ ታብና አዲስ መስመር ናቸው። ስለዚህ «አበበ ከበደ» ለሱ ሁለት ሰው ነው።

የፒያሳው፦ ታዲያ አይኤፍኤስን አዲስ መስመር ብቻ ማድረግ ነዋ! እኔ ሁሌ ስክሪፕቱ አናት ላይ እጽፈዋለሁ።

የአቶቴዋ፦ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። አናት ላይ የቀየርከው እስከ ታች ይዘልቃል። አንዴ ለአንድ ዝርዝር ብዬ ኮማ አድርጌው ረሳሁት። ከታች «ሰኞ ማክሰኞ ረቡዕ» የሚለውን በያዘ ቫሪያብል ላይ የሚዞር ሉፕ ነበረኝ። ሦስት ፎልደር መፍጠር ሲገባው አንዴ ብቻ ዞሮ «ሰኞ ማክሰኞ ረቡዕ» የሚል አንድ ፎልደር ፈጠረ። ምንም ስህተት አላሳየኝም። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ለፋይል ከሆነ ኤልኤስን ተዉት፤ ለፎር በቀጥታ ኮከብ (*፣ ፎልደሩ ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ስም የሚያመጣ ምልክት) ስጡት። ኮከቧ ያመጣችውን ስም አይኤፍኤስ አይቆርጠውም። ከዚያ የፋይሉን ስም የያዘውን ቫሪያብል በድርብ ጥቅስ ውስጥ ማስገባት ነው። መስመር በመስመር ለማንበብ ደግሞ ዋይል ሪድ (መስመር እስካለ ድረስ ሪድ በሚባለው ትእዛዝ እያነበበ የሚዞር ሉፕ) አለ። አይኤፍኤስን እዚያው ከሪድ ፊት ጻፉት፤ ለሪድ ብቻ ይሠራል፣ ሌላውን አይነካም።

የፒያሳው፦ እሺ፣ ሠንጠረዥስ ሲሆን? ስም፣ ስልክ፣ ቀበሌ፤ በታብ የተለየ።

የአቶቴዋ፦ እዚህ ላይ ተጠንቀቅ። ሪድ ታብን እንደ ስፔስ ነው የሚያየው፤ ሁለት ታብ ከተከታተለ እንደ አንድ ይቆጥረዋል። ስልክ የሌለው ሰው ቀበሌው ስልኩ ቦታ ላይ ይገባል። በኮማ ከሆነ ግን ባዶው ባዶ ሆኖ ይቀራል።

የታቦሩ፦ ኮከቡን ሞከርኩት። 62! ግን አቋሜን ሙሉ በሙሉ አልለቅም። አባቶቻችን ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ ነበር የሚለዩት፤ መለያው በዓይን ይታያል። ስፔስ ግን ስምም መለያም ሆኖ ያሳስታል። ከኔ በኋላ የሚመጣው ልጅ ጥቅሱን ቢረሳስ?

የአቶቴዋ፦ ለዚያ ነው ስክሪፕቱን ለሌላ ሰው ማሳየት ያለብህ። እዚህ ለጥፈው፣ ጥቅስ የጎደለበትን አብረን እንፈልጋለን። የሰዉን ስም ግን አትንካ።